የሕፃኑ አልበም፦ ከሮማ ነጭ ሰሌዳ እስከ ስደተኛው ሳሎን

በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር፣ በሐረርም ሆነ በደሴ፣ እንግዳ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የሚቀርብለት ነገር ነበር፤ አልበም። ወፍራም ሽፋን ያለው ጥራዝ ከቡፌው ወይም ከቁም ሣጥኑ ይወጣና በእንግዳው ጭን ላይ ይቀመጣል። የቤቱ ልጅ አጠገቡ ቆማ «ይቺ አያቴ ናት፣ ይኼ አጎቴ ጦር ሠራዊት ሳለ ነው፣ ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ፣ በክርስትናዬ ዕለት» እያለች ታስረዳለች። እንግዳው አቦሉን ሳይጠጣ የቤተሰቡን ታሪክ ያውቃል።

ዛሬ በስደት ዓለም ልጅ የምትወልድ እናት ከሚሰጧት ስጦታዎች አንዱ ይኸው አልበም ነው። ነገር ግን መልኩ ተለውጧል። ገጾቹ ሮዝና ሰማያዊ ናቸው። «የመጀመሪያው ጥርስ»፣ «የመጀመሪያው እርምጃ» የሚል ርእስ ታትሞባቸዋል። ከጎኑ የዳክዬና የድብ ተለጣፊ ሥዕሎች፣ ባለ ጥርስ መቀስ፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ የሚያብረቀርቅ ዱቄትና ሙጫ ይሸጣሉ። እናቲቱ ማታ ልጇ ሲተኛላት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ፎቶግራፍ ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች፣ ታስጌጣለች።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት መጣ? ማንስ ጀመረው? ከአገር ቤት በሻንጣ ተይዞ የመጣውን ያንን ብቸኛ የአያት ፎቶግራፍ በዚህ ገጽ ላይ መለጠፍስ ደኅና ነውን? ጥያቄው የጌጥ ጉዳይ ቢመስልም የብዙ ቤተሰብ የታሪክ ማስረጃ በእነዚህ ገጾች ላይ ያለ በመሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጩ ሰሌዳ

«አልበም» የሚለው ቃል ከላቲን የተወሰደ ሲሆን መነሻው «ነጭ» ማለት ነው። በጥንታዊት ሮማ የመንግሥት ማስታወቂያ የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ አልበም ይባል ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የጀርመን ተማሪዎች ባዶ ገጽ ያለው ትንሽ ጥራዝ እየያዙ መምህራኖቻቸውንና ጓደኞቻቸውን ስማቸውንና የምክር ቃል ያስጽፉበት ጀመር። ያም «የወዳጆች አልበም» ተባለ።

በ1769 ጄምስ ግሬንጀር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ከሥዕሎቻቸው ዝርዝር ጋር አሳተመ። አንባቢዎችም በዝርዝሩ የተጠቀሱትን ሥዕሎች እየፈለጉ ከመጽሐፉ ጋር ማስጠረዝ ያዙ። ይሁንና ሥዕሎቹን ለማግኘት ሲባል ስንትና ስንት ሌላ መጽሐፍ በመቀስ ተበላሸ። አንዱን ለማስጌጥ ሌላውን የማጥፋት ነገር እንግዲህ ከጥንትም የነበረ ነው።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ተለጣፊ ሥዕሎች አያታቸው የጀርመን አገር ማተሚያ ቤት ነው። አሎይስ ዜኔፌልደር በ1796 በድንጋይ የማተምን ዘዴ ፈለሰፈ። በ1837 ጎዴፍሮይ ኤንግልማን የተባለ ሰው ይህንኑ ዘዴ በብዙ ቀለም ለማተም እንዲያገለግል አደረገውና የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከዚያ በኋላ የአበባ፣ የመላእክትና የሕፃናት ሥዕሎች በመኪና ተቆርጠው፣ ጎበጥ ጎበጥ ተደርገው በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ልጆችና እናቶች እየገዙ በጥራዝ ላይ ለጠፉባቸው። ቁርጥራጭ የሚለጠፍበት ደብተር፣ ፈረንጆቹ ስክራፕቡክ የሚሉት፣ የቤት ውስጥ መዝናኛ የሆነው በዚህ ዘመን ነው።

የደራሲው ሙጫ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማርክ ትዌይን የሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ ልዩ ስፍራ አለው። እውነተኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ነው። ይህ ሰው ጋዜጣ እየቆረጠ መለጠፍ የዘወትር ልማዱ ነበር፤ ሙጫው እየደረቀ ግን ያስቸግረዋል። በመሆኑም በሰኔ ወር 1873 ገጹ ላይ አስቀድሞ ሙጫ የተቀባ ደብተር ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ልክ እንደ ቴምብር ገጹን በውኃ እርጥብ አድርጎ መለጠፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ደብተሩ እጅግ ተሸጠ። በ1885 አንድ የሴንት ሉዊስ ጋዜጣ ትዌይን ከዚህ ባዶ ደብተር ብቻ 50,000 ዶላር እንዳገኘ ገምቶ ነበር። ከደራሲው መጻሕፍት ሁሉ አንድም ቃል ያልተጻፈበት እርሱ ነው።

ሕፃኑ ፎቶግራፍ ፊት ሲቀርብ

የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው። በዚያን ዘመን ፎቶ የሚነሳው ሰው ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ መቆየት ነበረበት። ሕፃን ልጅን ማን ፀጥ ያሰኘዋል? ስለዚህ እናቲቱ ጨርቅ ተከናንባ እንደ ወንበር ሆና ልጇን አቅፋ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ በየቤተ መዘክሩ በሚገኙ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ሕፃኑ ቁልጭ ብሎ ሲታይ እናቱ ግን ከጨርቁ ስር ተሰውራለች። ልጁ ፎቶ እንዲኖረው እርሷ ከፎቶው ጠፋች።

በ1854 አንድሬ ዲስዴሪ የተባለ ፈረንሳዊ በአንድ መስታወት ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶዎችን የማንሳት ዘዴ አስመዘገበ። ዋጋው ረከሰ፣ ፎቶው በዛ። በ1860ዎቹም ፎቶ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው አልበም በየመካከለኛ ኑሮ ቤቱ ገባ። የኮዳክ ካሜራ በ1888 ሲወጣ 25 ዶላር ነበር፤ ይኸው ኩባንያ በ1900 ያወጣት ብራውኒ የምትባለው ካሜራ ግን 1 ዶላር ብቻ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺው ባለሙያ መሆኑ ቀረና አባትም እናትም ሆኑ።

የሕፃን ማስታወሻ መያዝ ግን ከፎቶው ሌላ ምክንያትም ነበረው። የተፈጥሮ ሊቁ ቻርልስ ዳርዊን በ1839 መጨረሻ የተወለደውን የበኩር ልጁን ዊልያምን እየተከታተለ መቼ እንደሳቀ፣ መቼ እንደተቆጣ፣ መቼ እንደፈራ ይጽፍ ነበር። ማስታወሻውን በ1877 አሳተመው። የአክስቱ ልጅ የሚሆነው ፍራንሲስ ጋልተን ደግሞ በ1884 ወላጆች የልጃቸውን ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይን ቀለምና ሕመም የሚመዘግቡበት አልበም አዘጋጀ። ይህ ጋልተን የሰውን ዘር እንደ ከብት እየመረጡ ማራባት ይገባል የሚለውን ክፉ ትምህርት ያስፋፋ ሰው ነው። የሕፃን አልበም ታሪክ እንግዲህ ሁሉም ጣፋጭ አይደለም።

በአሜሪካ መውድ ሃምፍሪ የምትባል ሠዓሊ በ1898 ባለ ሥዕል የሕፃን መዝገብ አወጣች። ከዓመት በኋላ የወለደችው ልጇ «ካዛብላንካ» በተሰኘው ፊልም የታወቀው ተዋናይ ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 100 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ስለዚህ እናት በመዝገቡ ላይ «ዛሬ ይህን ያህል መዘነ» ብላ ስትጽፍ የምታመሰግንበት ጽሑፍ ነው። ብዙዎቹም መዝገቦች በግማሽ ቀርተዋል።

ታሪካቸውን ሌላ ያልጻፈላቸው

ቆርጦ መለጠፍ የሥራ ፈት ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ የሚያስረዱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። የነፃነት ታጋዩ የፍሬድሪክ ዳግላስ ወንዶች ልጆች ስለ አባታቸው የተጻፈውን ከየጋዜጣው እየቆረጡ በደብተር ሰብስበዋል። በፊላደልፊያ ከተማ ዊልያም ዶርሲ የተባለ ሰው (1837–1923) ስለ ወገኖቹ የተጻፈውን ሁሉ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ እየቆረጠ ወደ 400 የሚጠጋ ደብተር ሞላ። የታሪክ ጸሐፊው ሮጀር ሌን በእነዚህ ደብተሮች ላይ ተመሥርቶ በ1991 ስለ ዶርሲ ከተማ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የዚያ ሕዝብ ታሪክ በመንግሥት መዝገብ ሳይገኝ ሲቀር በመቀስና በሙጫ ተገኘ።

የዛሬው ዓይነት ባለ ጌጥ አልበም ደግሞ የተስፋፋው ከዩታ ክፍለ ግዛት ነው። የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች የዘር ሐረግ መመዝገብን እንደ ሃይማኖት ግዴታ የሚያዩ ናቸው። በ1980 በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገ የመዛግብት ጉባኤ ላይ ሜሪለን ክሪስቴንሰን የምትባል እናት ቤተሰቧ ያዘጋጃቸውን ከ50 በላይ ጥራዞች ለሕዝብ አሳየች። ሰው ተደነቀ። በተከታዩ ዓመት እርሷና ባለቤቷ በስፓኒሽ ፎርክ ከተማ ሱቅ ከፈቱ። በ1987 ደግሞ በሚኔሶታ ክሪኤቲቭ ሜሞሪስ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ሴቶች በየቤቱ ተሰብስበው አልበም እየሠሩ ዕቃውን የሚገዙበትን ንግድ አስፋፋ። በ1990ዎቹ ነገሩ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆነ፤ ለሐበሻዋም እናት በስጦታ የደረሰው ከዚያ ነው።

የኛ አልበም

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥት ሥር የሰደደው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የንጉሡ ፎቶ አንሺ ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ይዘው ነገሥታቱን አንስተዋል። ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ተከፈተ። ሙሽራው፣ ምሩቁ፣ ወታደሩ፣ ክርስትና የተነሣው ሕፃን ሁሉ በመጋረጃው ፊት ቆሞ ወይም ታቅፎ ተነሣ። ፎቶው ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይመታበታል፤ ባለ ፎቶውም «ለማይረሳኝ ወንድሜ» ብሎ ቀን ይጽፍበታል።

የልደት መዝገብ ግን በአገራችን ዘግይቶ ነው የመጣው። አዋጁ የወጣው በ2012፣ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ብዙው ልደቱን የሚያውቀው አባት በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ከጻፈው፣ ከክርስትና ምስክር ወረቀት ወይም «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ በሰኔ ሚካኤል» ከሚል የእናት ቃል ነው። በመሆኑም ብዙ ስደተኛ በውጭ አገር ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለደ ተደርጎ ተጽፏል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከጀርባው ቀን የተጻፈበት የክርስትና ፎቶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የቀይ ሽብር ዘመን (1969 እና 1970 ዓ.ም.) በቤተሰብ አልበም ላይ የራሱን ጠባሳ ጥሎ አልፏል። ፍተሻ በመጣ ቁጥር በፎቶ ላይ አጠገብ የቆመ ጓደኛ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ ስለተፈራ ብዙ ቤተሰብ መጽሐፍና ደብዳቤ፣ የልጆቹንም ፎቶ ሳይቀር ደበቀ፣ ቀበረ፣ አቃጠለ። ከዚያ እሳት የተረፉት ፎቶዎች የት እንዳሉ ማየት የሚፈልግ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2010 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይጎብኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የወጣቶች ፎቶ ነው። ብዙዎቹ ከቤተሰብ አልበም የወጡ የፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። የተነሡት ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት ነበር፤ የቀሩት ለምስክርነት ሆነ።

በረሃ አቋርጦ ሱዳን የገባው፣ በአውሮፕላን የወጣውም ሰው ከሻንጣው ያልለየው ነገር ቢኖር ጥቂት ፎቶ ነው። በብዙ ቤት የአያት መልክ ያለው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ መልኩም ጠፋ።

ጌጡ ሲያጠፋ

ውድ አንባብያን፣ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ከእንጨት ይሠራ ጀመር፤ ቀለም እንዳይስብም በአሉምና በሙጫ ይታከም ነበር። ይህ ዓይነቱ ወረቀት በውስጡ አሲድ ያፈልቃል። የቆየ ጋዜጣ ቢጫ ሆኖ የሚፈረካከሰው በዚሁ ምክንያት ነው። አሲዱ በወረቀቱ ብቻ አያቆምም፤ አጠገቡ ወዳለው ፎቶም ይሻገራል።

ከሁሉ የከፋው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተስፋፋው፣ ገጹ ሙጫ ተቀብቶ በላዩ ግልጽ ፕላስቲክ የሚሸፈንበት አልበም ነው። ፕላስቲኩን ገልጦ ፎቶውን ማስቀመጥና መልሶ መሸፈን ብቻ ስለሆነ ለሰው ተመቸው። ዳሩ ግን ሙጫው ከጊዜ ብዛት ይጠነክርና ፎቶውን አልለቅም ይላል። ከርካሽ ፕላስቲክ የሚወጣውም ጋዝ ፎቶውን ይበላዋል። ዛሬ በብዙ የሐበሻ ቤት ያለው አልበም ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት መቀስ ነው። አንድ የክርስትና ፎቶ በልብ ቅርጽ ሲቆረጥ ሕፃኑና እናቱ ይቀራሉ፤ በጎን የቆመችው ክርስትና እናት፣ ከኋላ የሚታየው ግቢ፣ በር ላይ ያለው አጎት ይወድቃሉ። ጀርባው በሙጫ ሲለጠፍም ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይቀበራሉ። ዛሬ «ምን ያደርጋል» የተባለው ጥግ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጁ «የተወለድኩበት ቤት ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ብቸኛው መልስ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ጌጡ ይቅር ማለት አይደለም። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ አሮጌው ፎቶ ሳይነካ ቅጂው ይሠራ። የሚቆረጠው፣ የሚለጠፈው፣ የሚጌጠው ቅጂው ይሁን። ዋናው በወረቀት ፖስታ ውስጥ ሆኖ ቀዝቀዝ ባለ፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ። ምድር ቤትና ጣሪያ ስር ለፎቶ አይሆኑም።

ሁለተኛ፣ ወረቀትና አልበም ሲገዛ አሲድ የሌለበት መሆኑ ይታይ። ለፎቶ የሚስማማ መሆኑን የሚፈትን ዓለም አቀፍ የምርመራ ደንብም አለ፤ ቁጥሩ አይ.ኤስ.ኦ. 18916 ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ከሚባለው ፕላስቲክ መራቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ፎቶውን በሙጫ ከመለጠፍ ይልቅ አራት ማዕዘኑን በሚይዙ ትንንሽ የወረቀት ማዕዘኖች ማስገባት ይሻላል። በፈለጉ ጊዜ አውጥቶ ጀርባውን ማንበብ ይቻላልና። ከባለ ሙጫው አልበም ፎቶ የማይለቅ ከሆነ በኃይል መጎተት አይገባም፤ አስቀድሞ ባለበት ገጹን በካሜራ ማንሳት፣ ቀጥሎም የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ስር አስገብቶ በዝግታ መጋዝ ነው። እንቢ ካለ እዚያው ይቆይ።

አራተኛ፣ የደረቀ አበባ፣ የማተብ ክር ወይም የፀጉር ቁራጭ ማስቀመጥ የሚፈልግ በፎቶው ላይ አይለጥፈው፤ በራሱ ትንሽ ፖስታ ያድርገውና ፖስታውን በገጹ ላይ ይያዘው።

አምስተኛውና ዋናው ጽሑፉ ነው። የተገዛው አልበም የሚጠይቀው ስለ ጥርስና ስለ እርምጃ ነው። የክርስትና ስም፣ ክርስትና አባትና እናት፣ ስንት እልልታ እንደተባለ፣ ገንፎውን ማን እንዳገነፋ፣ የስሙ ትርጉምና ስሙን ያወጣው ሰው፣ የአያት የቅድመ አያት ስም አይጠይቅም። ቦታ የለውም ተብሎ አይቅር፤ ጌጡን ቀነስ አድርጎ መጻፍ ነው። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ለምሳሌ በጥምቀት ዕለት ጥር 11 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 1993 የተወለደ ነው። አንደኛው ብቻ ከተጻፈ ልጁ ዓመቱን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊያሳስት ይችላል። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በነሱ 2 ሰዓት ነው።

ዛሬ ደግሞ ሰው ፎቶውን ሁሉ በስልኩ ይዞ ይዞራል። ሺህ ፎቶ ያለው ሕፃን አንድም የታተመ ፎቶ ላይኖረው ይችላል። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ልጅነቱም አብሮ ይሄዳል። በዓመት ሃያ ፎቶ መርጦ አሳትሞ፣ ከስሩ ማን እንደሆነ ጽፎ ማስቀመጥ ለማንም ቤት የሚከብድ አይደለም። በስልክም ቢሆን አገር ቤት ያለችው አያት በሕይወት ሳለች «ይህ ማነው? ያቺስ?» ተብላ ትጠየቅ። ከእርሷ በኋላ የሚመልስ አይኖርም።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ባዕድ አገር የተወለደው ልጅ አድጎ «እኔ የማን ልጅ ነኝ?» ብሎ አልበሙን ሲገልጥ ከዳክዬውና ከድቡ ጎን የሰው ፊት፣ ከፊቱም ስር ስም ያግኝ።

ቸር ያሰማን።